አህያውን ፈርተው ዳውላውን

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ ባንክ ቤት ወይም ክፍለ ከተማ ረግጦ የማያውቅ ብቻ ነው። ሲስተም በዚህ አገር የሚወራው እንደ ዝናብ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። ማን እንደከለከለው አይጠየቅም። ቢጠየቅም መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ትከሻዋን ትነቀንቃለች እንጂ መልሱ እሷም ዘንድ የለም።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፉሪም ላይ የተሰማው ይኸው ቃል ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኤቲኤም ቆሟል፣ የሞባይል ባንኪንጉ ቆሟል፣ ቅርንጫፉም አገልግሎት አይሰጥም። አገር ምድሩ እንደዚያው ነበር፤ ፉሪ ግን ኪሱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የማይዞር የደመወዝተኛ ሰፈር ስለሆነ ጭንቁ ቶሎ ይታወቃል። ለአስቤዛ የወጣ ሰው ሽንኩርቱን አስመዝኖ መልሶ አስቀመጠ። የቤት ኪራይ ቀኑ የደረሰበት አከራዩን «እስከ ሰኞ ይታገሡኝ» አለ። ከነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሌሊቱን ተኝተው ነው ያደሩት። ሌሊት ምን እንደተደረገ የሰሙት ከቴሌግራም ነው።

የሆነው የታወቀ ነው። ዓርብ ሌሊት ባንኩ ሲስተሙ ላይ ማሻሻያ ሲያደርግ፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚቻል ሰዎች ደረሱበት። መጀመሪያ የደረሱበት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ወሬው በየዶርሙ እንደ እሳት ተዛመተ፤ ኤቲኤሞች ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ በዚያ ሌሊት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት እንደተካሄደ ገለጸ። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ። ግብይቱን ለማቆም ሰዓታት ፈጅቷል። ልብ በሉ፣ ሰዓታት! ከ38 ሚሊዮን በላይ ሒሳብ የሚያስተዳድር ባንክ ካዝናው ሲፈስ ያወቀው ሰልፈኛው ካወቀ በኋላ ነው።

ከዚያ የመጣው መግለጫ ነው እስከዛሬ መነጋገሪያ መሆን የነበረበት። ችግሩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ። ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። ብሔራዊ ባንክም ይህንኑ ደገመ። አገሩም «እፎይ» አለ። ጥቃት ካልሆነ ምን ችግር አለው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ሌባ በር ሰብሮ ቢገባ ባለቤቱ ቢያንስ «ተሰረቅሁ» ይላል። ሌባ ሳይመጣ፣ ባለቤቱ ራሱ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ አድሮ «አትጨነቁ፣ አልተሰበረም» ሲል ግን ጎረቤት የሚያጽናናበት ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። የውጭ ጠላፊን የሚያህል ብልሃትና ጉልበት መከላከል ከባድ ነው። የራስን ማሻሻያ ከመልቀቅ በፊት መሞከር ግን ጠላት የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ ያለ ሥራ ነው። «የሳይበር ጥቃት አይደለም» ማለት «ያመለጠን ከአቅማችን በላይ የሆነው ሳይሆን ከአቅማችን በታች የሆነው ነው» ማለት ነው። ባንኩ ግን ይህን እንደ ጥፋት ማመኛ ሳይሆን እንደ ነጻ መውጫ ወረቀት አቀረበው።

ቀጥሎ ፎቶው መጣ።

ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጅማው ጭምር፣ ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩ በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ቃል ገባ። ብዙው ሰው መለሰ፤ አንዳንዱ ሙሉውን፣ አንዳንዱ ከፊሉን። ያልመለሱ የተባሉ ከ560 በላይ ሰዎች ግን ስማቸው ከነሒሳብ ቁጥራቸው በአደባባይ ወጣ። የብዙዎቹ ፎቶም እየታተመ በየቅርንጫፉ በር ላይ ተሰቀለ። ፎቶው የመጣው ከየት ነው? ሒሳብ ሲከፍቱ ለባንኩ አምነው ከሰጡት ማህደር ነው። ደንበኛው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ የተወሰደ መረጃ፣ ደንበኛውን ለማሳፈር ዋለ።

አበው እንዲህ ዓይነቱን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሉታል። የሲስተም ማሻሻያው በዚያ ሌሊት እንዲለቀቅ የፈቀደ ሰው አለ። የሙከራ ውጤቱን ያየ፣ ወይም ሳያይ ያለፈ ሰው አለ። ሌሊቱን ማስጠንቀቂያ ደውሉ ሲጮህ፣ ወይም ደውል ሳይኖር፣ ተረኛ የነበረ ሰው አለ። ከነዚህ መካከል ፎቶው በር ላይ የተሰቀለ የለም። መሰቀልም የለበትም፤ ማንም ሰው እንደዚያ መዋረድ የለበትም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ያልሞላው ተማሪ ከነፎቶው ሲጋለጥ፣ ውሳኔ ሰጪው «ሲስተሙ» በሚል ስም ተሸፍኖ መቅረቱ የደኅንነት ሥራ ሳይሆን የጉልበተኛ ሥራ ነው።

የራስ ያልሆነን ገንዘብ አውቆ መውሰድ ጥፋት ነው፤ የእናቱን ልፋት ያየ ልጅ ይህን ለማወቅ ሕግ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ባንኩ መክሰስ ይችል ነበር፤ ፍርድ ቤት አለ፣ ፖሊስ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተባለ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግም አለ። ፍርድ ቤት ሲኬድ ግን ጥያቄው በሁለት በኩል ነው የሚመጣው። ዳኛው «ይህ ልጅ ይህን ገንዘብ እንዴት ሊያወጣ ቻለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የቅርንጫፍ በር አይጠይቅም።

የሚገርመው የጊዜው መገጣጠም ነው። ያ ሁሉ ስምና ፎቶ አደባባይ በዋለ በቀናት ውስጥ፣ በዚያው በመጋቢት ወር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 1321/2016ን፣ አጸደቀ። አዋጁ ሰው መረጃውን ለአንድ ዓላማ ሰጥቶ ለሌላ ዓላማ ሊውልበት አይገባም የሚል መንፈስ አለው። መረጃ ሲያፈተልክ ድርጅቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅም ያዛል። ሕገ መንግሥቱማ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበርና መጠበቅ የደነገገው በ1987 ዓ.ም. ነው። ምክር ቤቱ እጁን ሲያወጣ ፖስተሩ ምናልባት ገና በሩ ላይ ነበር። ከአባላቱ መካከል አንዱ ቢነሣና «ይኸው ከደጃችን ያለውስ?» ቢል ምን መልስ ይሰጠው ነበር?

ሌላ አገር እንዴት ሆነ? ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ደንበኞቹን ከድሮው ሲስተም ወደ አዲስ ሲስተም አሻገረ። ሰኞ ሲነጋ እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኛ ሒሳቡን መክፈት አቃተው፤ አንዳንዱ የሌላ ሰው ሒሳብ ተከፈተለት። እንደኛው ሁሉ ጠላፊ አልነበረበትም፤ ያልበሰለ ለውጥ ነው የተለቀቀው። ቀጥሎ የሆነው ግን ከእኛው ይለያል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በወራት ውስጥ ከወንበሩ ወረደ። በገለልተኛ የሕግ ድርጅት የተጠና ወፍራም ሪፖርት በ2019 ለሕዝብ ወጣ፤ ማን ምን ሳያጣራ «ዝግጁ ነን» እንዳለ በገጽ በገጽ ይነበባል። ባንኩ 32 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለደንበኞች ካሣ ከፈለ። ተቆጣጣሪዎቹ በ2022 ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ቀጡት። በ2023 ደግሞ የቴክኖሎጂ ኃላፊው የነበረው ሰው፣ በስሙ፣ ከራሱ ኪስ 81,620 ፓውንድ ተቀጣ። ጥፋቱ ምን ነበር? ሥራውን የሚሠራው አቅራቢ ዝግጁ መሆኑን በአግባቡ አለማረጋገጡ። አልሰረቀም። ሳያጣራ አለፈ፤ አበቃ።

እንግሊዝ ስለሆነች አይደለም ይህ የሚነሣው። እዚያም መጀመሪያ ላይ ነገሩን ማድበስበስ ተሞክሯል። ልዩነቱ ጥያቄው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

በአገራችን ድርጅቶች የደኅንነት ተገዢነት የሚባለው ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ለምን ወደ ላይ እንደማይወጣ ይገባዋል። አማካሪ ይቀጠራል። አማካሪው ካንድ ሌላ ቦታ የሠራውን ሰነድ የድርጅቱን ስም ቀይሮ ያመጣል፤ አንዳንዴ የድሮው ድርጅት ስም ገጽ 37 ላይ ሳይቀየር ይቀራል። የስጋት መዝገብ ይሞላል፤ ስጋቶቹ ሁሉ «መካከለኛ» ናቸው። ስልጠና ይሰጣል፤ በሆቴል፣ ከምሳና ከአበል ጋር። በመጨረሻ የአይኤስኦ 27001 ሰርተፍኬት በወርቃማ ፍሬም ተደርጎ እንግዳ መቀበያው ላይ ይሰቀላል፤ ሥራ አስኪያጁ ከሥሩ ፎቶ ይነሣል። ያው መስፈርት ውስጥ 93 የቁጥጥር ነጥቦች አሉ። ከነሱ አንዱ፣ 8.32፣ ስለ ለውጥ አስተዳደር ነው፤ ሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ ታቅዶ፣ ተሞክሮ፣ ተፈቅዶ ይለቀቅ ይላል። ሌላው፣ 5.3፣ አንድ ሰው ብቻውን ጀምሮ ብቻውን አይጨርስ ይላል። ይህን ዕድር እንኳን ያውቀዋል። የዕድር ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ሁለት ሰው የሚሆኑት፣ ቁልፉም እሰው ሁለት ቤት የሚያድረው፣ አባላቱ 5.3ን አንብበው አይደለም።

«እኛ ድሃ አገር ነን፣ ደኅንነት ውድ ነው» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። እውነት ነው፣ መሣሪያው ውድ ነው፤ ፈቃዱ በዶላር ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ደግሞ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ግን ያ ሌሊት የጎደለው በዶላር የሚገዛው ነገር አልነበረም። በሙከራ ሲስተም ላይ አንድ ባዶ ሒሳብ ከፍቶ፣ ከእርሱ ሺህ ብር ለማውጣት መሞከር ስንት ዶላር ያስወጣል? ከሒሳቡ በላይ የሚወጣ ገንዘብ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ሁሉም ነገር ራሱ እንዲቆም ማዘዝስ? ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ፣ «አቁም!» ለማለት የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ አንድ ተረኛስ? (ማሻሻያን ዓርብ ሌሊት ማድረግ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ደንበኛ ሲቀንስ ነው የሚሠራው። ስህተቱ ደንበኛው ተኝቷል ብሎ አብሮ መተኛት ነው።)

ንግድ ባንክ ብቻውን ቢሆን አንድ ክፉ ሌሊት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ፉሪ ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ግን ሌላም ያስታውሳል። ከመሀል አዲስ አበባ ኪራይ ሸሽቶ እዚህ የገባው ብዙ ሰው በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግቦ ለኮንዶሚኒየም ሲቆጥብ የኖረ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ስሙን የጠበቀ ሰው ነው። ቀናት ሳያልፉ ከተማው ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ። የቁጠባ መስፈርቱን ያሟሉት ከ80 ሺህ የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ወደ ዕጣ ማውጫው የተጫነው ስም ከዚያ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ኃላፊዎችና ሲስተሙን የሠሩ ባለሙያዎች ታሰሩ።

እዚህም ከባሕር ማዶ የመጣ ጠላፊ አልነበረም። ዝርዝሩ ከባንክ ወጥቶ ዕጣ ማውጫው ውስጥ እስኪገባ መንገድ ላይ አደገ፤ በመጨረሻው በር ላይ ቆሞ «ስንት ወጣ? ስንት ገባ?» ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያየ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ዝም አለ። ጤፍ ጫኝ እንኳን ኩንታሉን ሲጭንም ሲያራግፍም ይቆጥራል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ቁጠባ ግን ሳይቆጠር ወደ ኮምፒዩተር ገባ፤ ኮምፒዩተር ስለሆነም ታመነ።

ስለ ደኅንነት ሲወራ የሚነሣው ግን የውጭው ጠላት ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በየዓመቱ ሺዎች የሚቆጠሩ የጥቃት ሙከራዎች እንደነበሩና ከመቶ ከዘጠና በላይ እንደከሸፉ ይነግረናል። ጠላት የለም ማለት አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ውኃ ሊያዝ ሲል ከግብፅ የተነሣ ቡድን የመንግሥት ድረ ገጾችን ሰብሮ ዛቻውን ለጥፎባቸዋል። ሥራው ከባድ ነው፤ የሚሠሩትም ይመስገኑ። ነገር ግን ያ ሪፖርት አንድ ሣጥን ይጎድለዋል። «በራሳችን እጅ የተበላሸ» የሚል ሣጥን። ንግድ ባንክ ያን ሌሊት ያጣውን ገንዘብ ማንም ጠላፊ አልወሰደውም፤ ስለዚህ በከሸፉትም ባልከሸፉትም ውስጥ አይቆጠርም።

ይህ የአስተሳሰብ ልማድ ከላይ ብቻ አይደለም፣ ታች ፉሪም ወርዷል። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እንግባ። እናት መታወቂያቸውን ስካን ሊያስደርጉ መጡ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ሁለት ኮፒ።»

«እትዬ፣ መስጠት አያስፈልግዎትም፣ የባለፈው እዚህ አለኝ» ትላለች ልጅቷ፤ ዴስክቶፑ ላይ በስማቸው የተቀመጠ ፋይል ትከፍታለች።

እትዬ ይመርቋታል። ከጎኑ የሌላው፣ ከሥሩ የሦስተኛው ሰው መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የፋይዳ ወረቀት ተደርድሯል። ፋይዳ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ከጣት አሻራና ከዓይን ጋር የታሰረ፣ እንደ ሲም ካርድ ጥለው ሌላ የማያወጡት። ልጅቷ ክፋት የለባትም። ፍላሽ ይዞ የሚመጣው የሚቀጥለው ደንበኛ ግን ማን ነው? ፍላሹስ ከየት መጣ?

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ከፍ ሲባል ያው ነው። ከሰበታ መስመር ፋብሪካዎች ጀምሮ እስከ ፉሪ የግል ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ድረስ፣ የደመወዝ መዝገብ የሚሠራበት ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ኪቦርዱ ሥር በወረቀት ተለጥፎ የሚገኝበት ቢሮ ብርቅ አይደለም። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ክራክ ነው። ባለፈው ዓመት የለቀቀው ሒሳብ ሹም መግቢያው አልተዘጋም፤ «እሱ እኮ ወንድማችን ነው» ይባላል። የታካሚ ውጤት በቴሌግራም ይላካል። ገንዘብ ሲጎድል ግን መጀመሪያ የምትጠረጠረው ካሸሯ ናት። አሥር ሰው በእሷ የይለፍ ቃል ሲሠራ ኖሮ፣ ደመወዟ የሚቆረጠው የእሷ ብቻ ነው። ከንግድ ባንክ ፖስተር ጋር ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ነው።

አሁን ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕግ ወጥቷል። ሲመጡ ከነልማዳቸው ነው የሚመጡት፤ እንደ ቲኤስቢው ያለ ቅጣት አገራቸው ላይ ስለሚጠብቃቸው እዚህም ይጠነቀቃሉ፣ ወይም እዚህ ማንም እንደማይጠይቅ አይተው እነሱም ይዝናናሉ። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ ነው። ለመጀመር አዲስ መመሪያ መጻፍ አያስፈልገውም። የመጋቢት 2016ቱን ሌሊት ምርመራ፣ ለደኅንነት የሚያሰጋውን ክፍል ሸፍኖ፣ ቀሪውን ለሕዝብ ማውጣት ይበቃል፦ ለውጡን ማን ጠየቀ፣ ምን ተሞከረ፣ ማን ፈቀደ፣ በስንት ሰዓት ታወቀ፣ በስንት ሰዓት ቆመ፣ በመካከሉ ያሉት ሰዓታት ለምን አለፉ።

ፉሪ ላይ የሚኖር ሰው ብሔራዊ ባንክን ማዘዝ አይችልም። የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበሩን ግን ይችላል፤ አባል ነው፣ ድምፅ አለው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርቱ ተነብቦ ጭብጨባ ከመጀመሩ በፊት እጁን አውጥቶ ይጠይቅ። የማኅበሩ ሒሳብ መዝገብ ቅጂ የት ነው የሚቀመጠው፣ ተከፍቶ የታየውስ መቼ ነው? ከለቀቁት ሠራተኞች ውስጥ መግቢያው ያልተዘጋ ስንት አለ? የኛ መታወቂያ ኮፒ ማን ጋ ነው ያለው? ሰብሳቢው «ሲስተሙ ላይ ነው» ካሉ፣ አይቀመጥ። «ሲስተሙን የያዘው ማን ነው?» ይበል፤ ስም እስኪጠራ ቆሞ ይጠብቅ።